ስሙ ማነው?

በጆሀንስበርግ ከተማ፣ ካውራ ጎዳናው በላይ፣ አንድ ድልድይ አለ፤
ባንድ ሰማይ ጥላ ሁለት አገር ከፍሎ የተንጠለጠለ።
ወዲህ አሌክሳንድራ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮን ደግፎ ያቆመው፤
ወዲያ ሳንድተን ነው፣ ዛፉን በቀጠሮ ባለሙያ መጥቶ የሚከረክመው።

ንቶምቢፉቲ ይህን ድልድይ ስትሻገር አሥራ አንድ ዓመቷ፣
ወፍ ሳይንጫጫ ወጥታ ከቤቷ፣
የሰው ወለል ልትወለውል፣ የሰው ሸሚዝ ልትተኩስ፣
ለሰው ውሻ ዶሮ ልትቀቅል፣ እስኪበርድለትም እፍ ልትል በለሆሳስ።

ማክሰኞ ዕለት ታዲያ ውሻው ጠፋ።
በሩን ማን ረሳው? አትክልተኛው? ንፋስ? እግዜር ይወቀው፤
ሚስስ ሃርግሪቭ ስልኳን አንስታ አንዴ ብትነካው፣
ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ሁለት የፖሊስ መኪና ደጇን አጣበበው።

ኮንስታብል ማሎፔ ኮፍያውን አውልቆ፣
የጫማውን ጭቃ ጠርጎ፣ ከምንጣፉ ተጠንቅቆ፣
ሴት ሊለምን እንደ መጣ ሽማግሌ፣ ከሶፋው ጠርዝ ሳያልፍ ጉልበቱን ሰበሰበ፤
ደብተሩን ገለጠና «እሺ እመቤቴ፣ ስሙ ማነው?» ብሎ መዘገበ።

«ብስኩት።»
«ዕድሜውስ? ክትባቱስ? የሚወደው ምግብ? የሚፈራው ድምፅ?
እንግዳ ሲጠራው ይሄዳል? ፎቶስ ይኖርዎታል፣ የሚያሳይ የፊቱን ቅርፅ?»

የሚፈራው ድምፅ።
ንቶምቢፉቲ ሻይ ይዛ ቆማ ሰማች፤
ትሪው በእጇ ላይ ተንቀጫቀጨ፤ ሳይወድቅባት አሳረፈች።

ባለፈው ሰኔ፣ የአገሩ ክረምት ነው፣ ብርዱ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያፏጭ፣
ጎረቤቷን በጩቤ ወግተውት፣ ለዚያው ጣቢያ ደውላ ነበር።
«ነዳጅ የለንም፣ እስኪነጋ ታገሡ» አሏት።
ሰውየው እስኪነጋ አልታገሠም።

በሳምንቱ ግን ነዳጁ ተገኘ።
አራት መኪና ሙሉ ከስክስ ጫማ መጥቶ በሯን ገነጠለ፤
ማንኳኳት የሚሉት ልማድ ለካ ድልድዩን አልተሻገረም፣ ማዶ ነው የዋለ።
«ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ነው» አሉ።
ቀይ ሹራብ! ቤተ ክርስቲያን በጅምላ ያደለችው፣
በዚያ ብርድ ግማሽ ሰፈር የለበሰው።
ቱላኒን ወሰዱት። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤
ባዶ እግሩን፣ እንቅልፉ ገና ካይኑ ሳይወርድ።
ስሙን አልጠየቁም።
ስሙ በናቱ ቋንቋ «ዝም በሉ» ማለት ነው፤
ያን ሌሊት መንደሩ በሙሉ ስሙን ፈጸመው።

ሦስት ቀን በጣቢያው መስኮት ሥር ቆመች፤
«ነገ ነይ» ተባለች፤ ነገ መጣች፤ «ነገ ነይ» ተባለች።
በአራተኛው ለቀቁት። «ስሕተት ነው» አሉ፤
ስሕተት የሚጻፍበት ደብተር ግን አልነበራቸውም።
ከዚያ ወዲህ ቱላኒ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው።

ኮንስታብሉን እስከ በር ሸኘችው።
«ጻፍ» አለችው፣ በገዛ ቋንቋው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
«ስሙ ቱላኒ። የሚወደው፣ የበቆሎ ገንፎ በጎመን።
የሚፈራው፣ የእናንተን ጫማ።
እንግዳ ሲጠራው አይሄድም፤ ተጎትቶ ነው።»
ማሎፔ ቴምቢሳ ነው የሚኖረው፤ የሱም ጣራ በዝናብ ይጮኻል።
እርሳሱ ደብተሩን ነካ።
ሬድዮው ተንኮሻኮሸ፤ ሄደ።
ምን እንደ ጻፈ አላየችም።

ውሻው አመሻሽ ላይ፣ ከጎረቤት አጥር ሥር፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በገዛ እግሩ መጣ።
አጠበችው። ጣቢያው ደወለ፦ «ብስኩት ደኅና ገባ ወይ?»
«ደኅና ገብቷል» አለች።

ሌሊት ቤቷ ስትደርስ ልጇ ተኝቷል፣ ከነጫማው።
ተንበርክካ ክሩን ፈታች።
ብድግ አለ። «ማነው?»
ስሙን ጠራችው፣
ያንን «ዝም በሉ» የሚለውን ስም፣
ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።